አራት ሐኪም፣ አራት ስም

(ደብዳቤው አጥሮ የቀረበ፤ የምርመራ ወረቀቶቿም አብረው ተልከው ነበር)

“ዕድሜዬ 31 ነው። አራት ኪሎ አካባቢ እኖራለሁ፤ ሜክሲኮ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አብጠው አልታጠፍ ይላሉ፤ የሚፈታቱት ቢሮ ገብቼ ከቆየሁ በኋላ ነው። ፀጉሬ ማበጠሪያ እየሞላ ይወጣል። አፌና ዓይኔ ይደርቃሉ። ፀሐይ ሲመታኝ ፊቴ ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ ብርድ ሲሆን ጣቶቼ ይነጣሉ። ድካሙንማ ተዉት። የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለኝ። ሁለተኛው ሪህ ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ፤ ሦስት ቀን ሰው ሆኜ ሰነበትኩና ተመለሰብኝ። ሦስተኛው ‘ኤኤንኤ’ የሚባል ምርመራ አዞ 1፡80 ፖዘቲቭ ሲወጣ ሉፐስ ሊሆን ይችላል አለ። አራተኛው አርኤፍ የሚባለው ምርመራ ፖዘቲቭ ስለሆነ ሩማቶይድ ነው ብሎ ሜቶትሬክሴት አዘዘልኝ፤ አልጀመርኩትም። የኤችአይቪና የጉበት ምርመራም አዞልኝ ነበር፤ የተጠረጠርኩ መስሎ ስለተሰማኝ ሳላደርገው ቀረሁ። ባለቤቴ ጭንቀት ነው ይላል። አማቴ ጠበል ውሰዷት ትላለች። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ባንኮክ ሄደሽ ታከሚ፣ ወጪው በእኔ ይሁን ብሏል። ልሂድ? በሽታዬስ ስሙ ማነው? (ባለፈው ዓመት የሦስት ወር ጽንስ ወርዶብኛል፤ ልጅ እንፈልጋለን።)”

ግራ የገባኝ፣ ከአራት ኪሎ

እህቴ፣

በቅንፍ ካስቀመጥሻት እንጀምር። ጽንስ እንደወረደብሽና ልጅ እንደምትፈልጉ ከአራቱ ሐኪሞች ለአንዱ ነግረሻል? ከአጻጻፍሽ አይመስለኝም። እነሱም አልጠየቁሽ ይሆናል። ሜቶትሬክሴት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለሩማቶይድ (መገጣጠሚያን ለሚያበግነው ሕመም) በመጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው። እርጉዝ ሴት ግን አትወስደውም፤ ጽንስ ያስወርዳል፣ ካላስወረደም ልጁን ሊጎዳ ይችላል። ለማርገዝ የምታስብ ሴትም አስቀድማ ታቆመዋለች። ያዘዘልሽ ሐኪም ይህን ሳይሰማ አንድ ፍሬም እንዳትውጪ። (መድኃኒቱን ለምትወስዱ ሌሎች አንባቢዎች፦ ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ተሳስተው በየቀኑ ወስደው የሞቱ ሰዎች አሉ። ማዘዣው ላይ “ሰኞ ሰኞ” ተብሎ ቀኑ ይጻፍላችሁ።)

ጽንስ በብዙ ምክንያት ይወርዳል፤ አብዛኛውም ካንቺ ሕመም ጋር አይገናኝም። ከመገጣጠሚያ እብጠትና ከፀሐይ ሽፍታ ጋር ሲመጣ ግን አንቲፎስፎሊፒድ የሚባሉትን አንቲቦዲዎች (የሰውነት መከላከያ የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች) መፈለግ ግድ ይላል። እነዚህ ደም እንዲረጋ ያደርጋሉ፣ የእንግዴ ልጁንም ሥራ ያውካሉ። የሚመረመሩት ሦስት ናቸው፦ ሉፐስ አንቲኮዋጉላንት፣ አንቲካርዲዮሊፒንና አንቲ ቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን። አንድ ጊዜ ፖዘቲቭ መውጣት አይበቃም፤ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግሞ ያው መሆን አለበት። ከተገኙብሽ በሚቀጥለው እርግዝና አስፒሪንና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የሄፓሪን መርፌ ይታሰባል፤ በዚህ መንገድ ብዙ ሴቶች ወልደዋል። አፍና ዓይን ለሚደርቅባት ሴት ደግሞ አንቲ ሮ የሚባለው ይታያል። እሱ ያለባቸው እናቶች ከሚያረግዟቸው ልጆች ከመቶ ሁለት ያህሉ ማህፀን ውስጥ ሳሉ የልብ ምታቸው ሊዘገይ ስለሚችል፣ የጽንሱ ልብ በአልትራሳውንድ ክትትል ያስፈልገዋል። እንግዲህ ከተሰጡሽ አራት ስሞች አንዱም ወደዚህ አላደረሰሽም።

ስሞቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ታይፎይድና ታይፈሱን እንተወው። ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1896፣ የታይፈሱ ዌይል ፊሊክስ ደግሞ በ1916 ነው፤ ሁለቱም ድሮ ባለፈ ኢንፌክሽን ወይም በሌላ ሕመም ምክንያት ፖዘቲቭ ይወጣሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ድካምና ራስ ምታት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ “ሁለቱም አለብህ” ሳይባል የወጣ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ትኩሳት የሌለው የሁለት ዓመት የጣት እብጠት ታይፎይድ አይደለም። ሪህም ቢሆን፣ ማለትም ዩሪክ አሲድ በዝቶ የሚመጣው፣ ወር አበባዋን በምታይ የ31 ዓመት ሴት ላይ እምብዛም አይታይም።

ሉፐስና ሩማቶይድ ያሉሽ ሁለቱ ግን ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃባቸው እነዚህ ሕመሞች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዱ ካንዱ አይለይም። ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የፀጉር መርገፍ በሉፐስም፣ የምራቅና የእንባ ዕጢን በሚያጠቃው በሾግረንም፣ በታይሮይድ ሕመምም አለ። አፍና ዓይን መድረቅ የሾግረን ዋና ምልክት ቢሆንም ሩማቶይድና ሉፐስ ያለበትም ሰው ላይ ይመጣል። ጣት በብርድ መንጣት በስክሌሮደርማ (ቆዳን በሚያጠነክረው ሕመም)፣ በሉፐስ፣ አንዳንዴም ምንም በሌለበት ጤነኛ ሰው ላይ ይታያል። ከዚያም በላይ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሊኖሩብሽ ይችላሉ። ሉፐስና ሩማቶይድ የተደረቡበትን በሽተኛ ሐኪሞች እርስ በርሳቸው “ሩፐስ” ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ የሉፐስን፣ የስክሌሮደርማንና የጡንቻ ብግነትን ምልክት ቀላቅሎ የያዘ፣ ዩ1 አርኤንፒ በሚባል አንቲቦዲ የሚታወቅ ሕመም ራሱን ችሎ ተገልጿል። ያበጠ ጣትና በብርድ መንጣት ከምልክቶቹ ቀዳሚዎቹ ናቸው። እንዲህ ነው ብዬ እየነገርኩሽ አይደለም፤ እስካሁን ማንም አልፈለገውም እያልኩሽ ነው።

ሦስተኛው ሐኪም የሰጠሽን ወረቀት አውጥተሽ እይው። ኤኤንኤ የራስን ሴል አስኳል የሚያጠቃ አንቲቦዲ ነው፤ 1፡80 ማለት የደምሽ ሴረም (ሴሎቹ የተለዩበት ፈሳሹ) 80 ጊዜ ቀጥኖም አንቲቦዲው ታየ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት የጤነኛ ሰዎችን ደም ሲመረምር በ1፡40 ወደ 32 በመቶ፣ በ1፡80 ወደ 13 በመቶ፣ በ1፡160 ደግሞ 5 በመቶ ያህሉ ፖዘቲቭ ወጥተዋል። አራት ኪሎ ታክሲ ወረፋ ላይ ከተሰለፉት ጤነኞች መካከል ያንቺ ዓይነት ወረቀት የሚወጣላቸው አይጠፉም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዓለም አቀፉ የሉፐስ መስፈርት 1፡80ን የሚወስደው ለመግቢያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለመገጣጠሚያ፣ ለቆዳ፣ ለደም ሴሎች፣ ለኩላሊት ነጥብ እየተሰጠ 10 መሙላት አለበት፤ ያም መስፈርት የተሠራው ለጥናት እንጂ አንድ ሐኪም አንድን በሽተኛ እንዲፈርድበት አይደለም። ወረቀቱ የሚለው “ፈልጉ” ነው። የሚፈለጉትም አንቲ ዲኤስዲኤንኤ፣ አንቲ ስሚዝ፣ አንቲ ሮና ላ፣ አንቲ አርኤንፒ፣ ሲ3 እና ሲ4 (በሉፐስ ሊቀንሱ የሚችሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች) ናቸው። አንዳንድ የግል ላብራቶሪዎች የእነዚህን ናሙና ወደ ውጭ ስለሚልኩ ውጤቱ ይዘገያል፣ ዋጋውም ይከብዳል። እንዳለ አንድ ላይ ከማሠራትሽ በፊት የትኛው እንደሚቀድም ሐኪሙ ይምረጥልሽ።

አርኤፍም፣ ማለትም ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው አንቲቦዲ፣ እንደዚያው ነው። ከሩማቶይድ በሽተኞች ከሰባ እስከ ሰማንያ በመቶው ላይ ይገኛል፤ ግን በሾግረን፣ በሄፓታይተስ ሲ፣ በቲቢ፣ አልፎ አልፎም በጤነኛ አዛውንት ላይ ይወጣል። ሩማቶይድን በተሻለ የሚለየው አንቲ ሲሲፒ የሚባለው አንቲቦዲ ነው። ወረቀቶችሽ ውስጥ አላየሁትም።

የኤችአይቪና የጉበት ምርመራ ያዘዘሽ ሐኪም ስምሽን አላጠፋም፤ እንዲያውም ከአራቱ ሥራውን በደንብ የሠራ እሱ ነው። ሄፓታይተስ ሲ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ አርኤፍንም ፖዘቲቭ ያደርጋል። ኤችአይቪ ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የደም ሴል መቀነስ ያመጣል። ሄፓታይተስ ቢ ተደብቆ ያለበት ሰው መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሲጀምር ቫይረሱ ሊነሳበት ይችላል፤ ቲቢም እንደዚሁ። እነዚህ ሳይታዩ ሕክምናውን የሚጀምር ሐኪም ቢገጥምሽ ነበር መቀየም። በዚህ ሳምንት አድርጊው። ለቲቢ መከላከያ አይሶናያዚድ ወስደሽ ከነበረም ተናገሪ፤ ሉፐስ የሚመስል ሁኔታ ከሚያመጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው።

መርፌው ምን ነበር? እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። ሦስት ቀን ሰው አድርጎ የሚመልስ መርፌ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን ነው፣ አለዚያ የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክ፣ ወይም የሁለቱ ድብልቅ። ስሙ ሳይነገርሽ፣ ካርድሽ ላይ ሳይጻፍ ተወጋሽ። ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ ነው፤ እብጠቱን ያጠፋዋል፣ ውጤቱንም ያደበዝዘዋል። በሳምንቱ የሚያይሽ ሐኪም ጣትሽን ጨብጦ “ምንም የለበትም” ይላል፤ ባልሽም “አላልኩሽም?” ይላል። ዲክሎፌናኩ ደግሞ ኩላሊት ለተነካበት ሰው ጠንቅ ነው። ከአሁን ወዲያ ስሙ ያልተነገረሽን መርፌ እንቢ በይ። ፊት ላይ የሚቀቡ ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞችም ውስጥ ስቴሮይድ ይኖራል። የፀሐይ ሽፍታሽን ማድያት ነው ብለሽ ስትቀቢበት ከነበር ተዪው፣ ግን ለሐኪሙ አሳውቂው። የሉፐስ ሽፍታ በእኛ ቆዳ ላይ እንደ መጽሐፉ ሥዕል ቀልቶ አይታይም፤ ጠቆር፣ ወይን ጠጅ ወደ መሰለ ያደላል። ከአፍንጫ ጎን ወደ ከንፈር የሚወርደውን ስርጉድ መስመር ብዙውን ጊዜ ይዘለዋል። በወጣብሽ ቀን መስኮት አጠገብ ቆመሽ ስልክሽ ላይ አንሺው፤ እስከ ቀጠሮሽ ቀን አይጠብቅሽም።

ስሙ እስኪገኝ ኩላሊትሽ አይጠብቅም። ሉፐስ ኩላሊትን ሲነካ አያምም፤ በሽተኛዋ የምታውቀው እግሯ ሲያብጥ ወይም ሽንቷ አረፋ ሲይዝ ነው፣ ያኔ ዘግይቷል። የሽንት ምርመራ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ የትኛውም ጤና ጣቢያ ይሠራዋል። ከላክሽልኝ ወረቀቶች መካከል አንድም የሽንት ውጤት የለም። ሁለት ዓመት፣ አራት ሐኪም፣ ሽንት የለም! ነገ ጠዋት አሠሪ። ፕሮቲን ወይም ደም ከታየ የፕሮቲኑ መጠን ይለካል፤ በቀን ከግማሽ ግራም ካለፈ ከኩላሊቱ ናሙና መውሰድ ሊታሰብ ይችላል። አብረሽም ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ክሪያቲኒን (ለኩላሊት)፣ ኢኤስአርና ሲአርፒ (ለብግነት) እና ቲኤስኤች አሠሪ። የመጨረሻው ለታይሮይድ ነው፤ ፀጉርሽንና ድካምሽን ታይሮይዱ አምጥቶት ጣቶችሽን ደግሞ ሌላው ሊሆን ይችላል፤ አብረው መኖር ይወዳሉ።

የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ብቻ እብጠት፣ መንዘፍዘፍ ወይም አእምሮ መሳት፣ ጥቁር ዓይነ ምድር፣ ድንገት የዓይን መጋረድ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልግሽ አምስተኛ ሐኪም ሳይሆን ሁሉንም አንድ ላይ የሚያይሽ አንድ ሐኪም ነው። በአገራችን የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ጥቁር አንበሳ የሩማቶሎጂ ክትትል አለው፣ የተወሰኑትም በግል ያያሉ። በመንግሥት መስመር ከሄድሽ ከጤና ጣቢያሽ ጀምረሽ ሪፈር ማስጻፍ አለብሽ። ወረፋው ያስመርራል። እስኪደርስሽ ድረስ አንድ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይያዝሽና ከእጁ አትውጪ። ደግሞ ሌላ ክሊኒክ ገብተሽ ካርድ ባወጣሽ ቁጥር ታሪክሽ እንደ አዲስ ከዜሮ ይጀምራል።

ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘሽ ስትገቢ ሐኪሙ የሚያየው ከላይ ያሉትን ሁለት ሦስቱን ነው። ስለዚህ በአንድ ገጽ ጻፊው፤ በአማርኛ ይሁን፣ በራስሽ ቃል። መጀመሪያ የጀመረው ምን ነበር፣ መቼ ነው? ጠዋት በስንት ሰዓት ተነስተሽ የጀበናውን እጀታ አጥብቀሽ መያዝ የቻልሽው በስንት ሰዓት ነው? “ያመኛል” ማለት ለማንም አይጠቅምም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ መገተር ግን የመገጣጠሚያ ብግነት እንዳለ ይጠቁማል። የትኞቹ ጣቶች ናቸው? ሁለቱም እጆች ላይ ነው? በብርድ ሲነጡ ጥፍርሽን እይው፤ ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ሲሞቅ ቀይ ይሆናል? ቆሎ ያለ ውኃ መዋጥ ትችያለሽ? አፍሽ ውስጥ የማያም ቁስል ወጥቶ ያውቃል? የወረደው ጽንስ በስንተኛው ሳምንት ነበር? ከቤተሰብ ታይሮይድ ወይም ተመሳሳይ ሕመም ያለበት አለ? የወሰድሻቸው መድኃኒቶች ከነመርፌው፣ ከነዕፅዋቱ። ውጤቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሪና ለእያንዳንዱ ኮፒ አስቀሪ፤ ካርድ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ሐኪሙ “እስካሁን ስም አልሰጠውም” ሊልሽ ይችላል። ያኔ ተነስተሽ እንዳትወጪ። ገና ያልለየ የሚባል ደረጃ አለ። በዚህ ደረጃ ካሉት ሰዎች አንዳንዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አንዱ ሕመም ያዘነብላል፤ የሚበዛው ባለበት ይቆያል ወይም ይሻለዋል። ሕክምናው ግን ስም አይጠብቅም። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ለሉፐስም፣ ለሩማቶይድም፣ ላልለየውም ይሰጣል፤ በእርግዝና ጊዜም ይቀጥላል፣ ስለዚህ ላንቺ ጠይቂው። ፋርማሲ ውስጥ “የወባ መድኃኒት ነው እኮ” ቢሉሽ አትደንግጪ፣ የዚያው ወገን ነው። መጠኑ በኪሎሽ ልክ በቀን ከ5 ሚሊግራም በኪሎ እንዳያልፍ፣ ዓይንሽም ስትጀምሪ ይታይ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ። ለመሥራት ወራት ይፈጅበታል፤ በሁለተኛው ሳምንት “አልያዘኝም” ብለሽ እንዳታቆሚው።

ባለቤትሽን ወደ ቀጠሮው ይዘሽው ሂጂ፤ ሐኪሙ ያበጠውን መገጣጠሚያ ሲነካው ቆሞ ይይ። እኔ ከዚህ ብነግረው ምክር ነው፣ እዚያ ሲያይ ግን የሚስቱ እጅ ነው። አማትሽን አትጣያቸው። ጠበሉን ሂጂ፤ ጠበል መጠመቅ መድኃኒት አያስቆምም፣ ያስቆማል የሚልሽ ካለ አትስሚው። ብቻ እንጦጦ ላይ በጠዋቱ ብርድ ውኃው ጣቶችሽን ስለሚያነጣቸው ጓንትና ደረቅ ልብስ ያዢ። ስቴሮይድ ከታዘዘልሽ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነውና ጾሙን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት። ፀሐዩንም አትናቂው፤ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ደመና በሆነ ቀንም ጨረሩ ይወርዳል። ጥላ ያዢ፣ ሰው ምን ይላል አትበይ።

ስለ ባንኮክ። ወንድምሽ አምላክ ይስጠው። ግን አሁን ብትሄጂ እዚያም የሚጀምሩት ከሽንቱና ከጠየቅሁሽ ደም ምርመራ ነው፣ እዚህ የሚሠራውን በዶላር ያሠሩሻል። ሳምንት ቆይተሽ ስምና የሦስት ወር መድኃኒት ይዘሽ ትመለሻለሽ፤ በአራተኛው ወር የሚያይሽና መጠኑን የሚያስተካክል ሐኪም ግን የሚያስፈልግሽ አዲስ አበባ ነው። ይህ ሕመም ለዓመታት ክትትል ይፈልጋል። እዚህ ሊሠራ የማይችል ነገር ካለ፣ ወይም የሚያይሽ ስፔሻሊስት ራሱ ሂጂ ካለሽ፣ ያኔ የእሱን ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ፤ የሚያዝዙልሽ መድኃኒትም እዚህ በተከታታይ የሚገኝ መሆኑን ሳትጠይቂ አትመለሺ። ለጊዜው ወንድምሽ መርዳት ከፈለገ ወደ ውጭ የሚላኩትን የአንቲቦዲ ምርመራዎችና የስፔሻሊስቱን ክፍያ ይቻልልሽ። ውጤቶቹ ሲወጡ ገጹንና ወረቀቶቹን ይዘሽ ወደ ሐኪሙ ግቢ፤ ከፈለግሽም እንደገና ጻፊልኝ።